ለጥርስ ላብራቶሪ የትኛው አርቲኩሌተር ይሻላል?

አርቲኩሌተር የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ የጀሶ ሞዴሎች በንክሻቸው ልክ ይዞ የመንጋጋን እንቅስቃሴ በጠረጴዛ ላይ የሚደግም መሣሪያ ነው። ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ ከክሊኒኩ ምን ዓይነት ልኬት እንደሚደርሰው ማጣራት ይኖርበታል፤ ሐኪሙ ያልለካውን እንቅስቃሴ መሣሪያው ከየትም አያመጣውም።

ቀላሉ ዓይነት እንደ በር ማጠፊያ ከመክፈትና ከመዝጋት ያለፈ እንቅስቃሴ የለውም። አጠገቡ ያሉት ጥርሶች ንክሻውን አጥብቀው ለሚይዙለት አንድ ክራውን (የጥርስ ሽፋን) ይበቃል። ጉድለቱ የሚገለጠው አፍ ውስጥ ነው፦ ታካሚው ሲነክስ ምንም አይሰማውም፤ መንጋጋውን ወደ ጎን ሲያንሸራትት ግን የንክሻ ወረቀቱ በክራውኑ ጉብታ ላይ ረዘም ያለ ሰማያዊ ጭረት ይተዋል። ሐኪሙ ያንን ለመሞረድ የሚያጠፋው ጊዜ በርካሹ መሣሪያ የተቆጠበውን ገንዘብ ይበላዋል። በተጨማሪም ማጠፊያው ከእውነተኛው መገጣጠሚያ ይልቅ ለጥርሶቹ ስለሚቀርብ፣ የንክሻውን ከፍታ በእርሱ ላይ መለወጥ ስሕተት ያስከትላል።

አማካይ ልክ የተሰጠው ዓይነት የኮንዳይሉን (በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን የታችኛው መንጋጋ አጥንት ራስ) መንገድ ብዙውን ጊዜ በ30 ዲግሪ፣ የጎን እንቅስቃሴውን በ15 ዲግሪ ገደማ ቆልፎ ይመጣል። ሙሉ ደንቸር (ተነቃይ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለሚያዘወትር ላብራቶሪ ተመጣጣኝ ምርጫ ነው።

ከፊል ተስተካካዩ በፌስቦው (የላይኛው መንጋጋ ከመገጣጠሚያው አንጻር ያለውን ቦታ በሚለካ መሣሪያ) የተወሰደውን ልኬት ይቀበላል፤ ማዕዘኖቹም ታካሚው መንጋጋውን ወደፊት ገፍቶ በነከሰው ሰም ይስተካከላሉ። እዚህ ላይ ሁለት አሠራሮች አሉ። እንደ ሃናው ኤች 2 ባሉት ኮንዳይሉን የሚወክለው ኳስ ከላይኛው ክንድ ጋር ሲያያዝ፣ እንደ ዴናር ማርክ 2 ባሉት አርከን መሣሪያዎች ግን እንደ ሰው መንጋጋ ከታችኛው ክንድ ጋር ነው። አርከኑ ሲከፈትም የኮንዳይሉ መንገድ ከላይኛው ጥርሶች ጋር ያለው ማዕዘን አይለወጥም፤ ስለዚህ ክራውንና ብሪጅ (የጎደለን ጥርስ የሚተካ ድልድይ) ለሚበዛበት ላብራቶሪ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። ፌስቦው የማይጠቀም ክሊኒክን ብቻ የሚያገለግል ላብራቶሪ ግን አብዛኛውን ጥቅሙን አያገኝበትም።

ሙሉ ተስተካካዩ በፓንቶግራፍ (የመንጋጋን እንቅስቃሴ በሚመዘግብ መሣሪያ) የተቀረጸ እንቅስቃሴን የሚከተል ሲሆን፣ ውስብስብ የሙሉ አፍ ሥራ ከማይዘወተርበት ቤት መደርደሪያ ከማሞቅ አያልፍም።

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው መሣሪያውን በመዝጊያ ቦታው ቆልፎ የላይኛውን ክንድ ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቀው፤ ከላላ ይተወው። ሞዴሎቹን ከክንዶቹ ጋር የሚያያይዙት የማሰሪያ ፕሌቶችም በገበያ መገኘታቸውን ይጠይቅ፤ አንድ ሥራ እስኪያልቅ ሁለት ፕሌት ስለሚይዝ፣ አምስት ሥራ በአንድ ጊዜ ለሚያንቀሳቅስ ቤት ቢያንስ 10 ያስፈልጋሉ።