ባና ወይስ ስሊፒንግ ባግ? ጓሳ ላይ ለሚያድር ሰው የትኛው ያዋጣል

ጥቅምት በገባ ቁጥር ወደ መንዝ ጓሳ፣ በማኅበረሰቡ ወደሚጠበቀው ደጋ፣ ከሚወጡ ሰዎች የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ጓሳ ልናድር ነው፣ ስሊፒንግ ባግ በስንት ይገኛል?» መልሴ አንድ ነው። መኪና ወይም የጭነት በቅሎ ካላችሁ ባና፣ ማለትም ከበግ ሱፍ የተሸመነውን ከባድ ብርድ ልብስ፣ ግዙ። ስሊፒንግ ባግ (ሙሌት ያለው የመኝታ ከረጢት) የሚያስፈልገው ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ከአንኮበር የወፍ ዋሻን ደን እያቋረጠ ለሚጓዝ ሰው ነው። እሱም ቢሆን አዲሱን ርካሽ ትቶ ጥሩ ሳልቫጅ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ብርዱን እንወቀው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ደብረ ብርሃን ውርጭ በጣለበት ሌሊት ጓሳ ከዚያም ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ሁሉ ይህን አስባችሁ ውጡ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ረባዳው ላይ ይተኛል፤ ድንኳኑን ከረባዳው ከፍ አድርጎ ተዳፋቱ ላይ መትከል ያለ ምንም ወጪ ብርድ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋጋው። በመንዝ መሐል ሜዳም ሆነ ሞላሌ ገበያ ላይ ባና የሚሸጠው በቁጥር ነው፤ እናንተ ግን በኪሎ አስቡት። የምትከፍሉት ለሱፍ ነውና አስመዝኑት። ለምሳሌ አንዱ 4,000 ብር ተብሎ 4 ኪሎ ቢመዝን ኪሎው 1,000 ብር ነው። ሌላው 3,000 ብር ተብሎ 2 ኪሎ ተኩል ቢመዝን ኪሎው 1,200 ብር ይወጣል። «ርካሹ» ውድ ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ተንኮል አለ፦ ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ለእጅ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ጤዛ ሲጠጣ ያደረ ባና ጠዋት ቢመዘን የውሃውን ዋጋም ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ፀሐይ ከበረታ በኋላ፣ እኩለ ቀን አካባቢ አስመዝኑ። ከመመዘኑ በፊት ደህና አድርጋችሁ አራግፉት፤ አቧራም ኪሎ አለው።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ድብልቁ ነው። በጥቁርና በቡና ዓይነት ቀለም፣ ከመንዝ በግ ሱፍ ጋር አክሪሊክ ተቀላቅሎበት «ንጹሕ ሱፍ» ተብሎ የሚሸጥ አለ። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ምዘዙና ለኩሱት። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ክብሪቱ ሲርቅ ራሱ ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ሲታሽ ይፈርሳል። አክሪሊክ ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፤ ጫፉ ላይም ጥቁር ደረቅ ጠጠር ይቀራል። እንደ ወረቀት ነዶ ግራጫ አመድ ከሆነ ጥጥ ገብቶበታል። ድርና ማጉን ለየብቻ ሞክሩ፤ ድሩን ሌላ ክር አድርገው ማጉን ብቻ ሱፍ የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ሻጩ ክር እንዳይመዘዝ ከከለከላችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። በመጨረሻ ባናውን ወደ ፀሐይ ዘርግታችሁ እዩት፤ ብርሃኑ በቀዳዳ የሚገባ ከሆነ ሽመናው ሳስቷል፣ ነፋስም እንዲሁ ይገባል።

የመጋጠሚያውን ስፌት አትርሱ። ባና ጠባብ ሆኖ ተሸምኖ ስለሚጋጠም መጀመሪያ የሚላቀቀው እዚያ ነው። ሲጠገን በሱፍ ክር ይሰፋ። በናይለን ክር ከተሰፋ ክሩ ከሱፉ ስለሚጠነክር እያደር ጠርዙን ይቆርጠዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰፋበት ቦታም አይገኝም።

ባና ስሊፒንግ ባግን የማይተካው ሰው ሲገላበጥ ስለሚገለጥ ነው ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከቁመታችሁ 40 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ባና በርዝመቱ እጠፉ፤ የእግሩን በኩል ሙሉውን፣ ጎኑን ደግሞ ከእግር እስከ ጉልበት ድረስ ሰፉት። ከጉልበት በላይ በሦስት አራት መርፌ ቁልፍ ያዙት። ለቤት ሲፈለግ ስፌቱ ተተርትሮ ባናው ወደ አልጋው ይመለሳል። ስሊፒንግ ባግ ግን እንዲህ ለሁለት አይሆንም፤ ከጓሳ ሲመለስ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ለክረምት አያገለግልም።

እሳት አጠገብም ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ፍንጣሪ ባና ላይ ሲያርፍ ጥቂት ይሸታል፣ ይጠፋል። የስሊፒንግ ባጉን ናይለን ግን በአንድ ጊዜ አቅልጦ ይበሳዋል፤ በቀዳዳውም ሙሌቱ እየተነቀለ ይወጣል። እሳት በተፈቀደበት ቦታ ዙሪያውን ተቀምጦ ማምሸት የሚወድ ሰው ይህን ያስብበት።

የባና ጉዳት ክብደቱ ነው። አንድ ሙሉ ባና በቀላሉ ከ3 ኪሎ ያልፋል፤ ዝናብ ከጠጣ ደግሞ ለበቅሎም ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈልጋል። በጀርባ መሸከም የግድ ከሆነ ያን ጊዜ ስሊፒንግ ባግ ያሸንፋል፤ ይህን አልክድም።

ስሊፒንግ ባግ ስትገዙ ቦርሳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን «ከዜሮ በታች 15» አትመኑ። በዓለም አቀፉ የስሊፒንግ ባግ ደረጃ መሠረት የተለካ ባግ ሦስት ቁጥር ይኖረዋል፦ የምቾት (Comfort)፣ የዳርቻ (Limit) እና የመጨረሻ (Extreme)። የመጨረሻው ቁጥር ሰው ለጥቂት ሰዓት ሕይወቱን የሚያተርፍበት እንጂ የሚተኛበት ሙቀት አይደለም። ለጓሳ የምቾቱ ቁጥር ከዜሮ በታች ይሁን። አንድ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ከሆነ የመጨረሻው እንደሆነ ቁጠሩት። ሰው ሠራሽ ሙሌት ኖሮት ከ1 ኪሎ ተኩል በታች የሚመዝን «የከባድ ብርድ» ባግም አታምኑት፤ ሙቀቱን የሚይዘው ሙሌቱ ነው፣ ሙሌት ደግሞ ክብደት አለው። ወደ ብርሃን አንሱትና የሙሌቱን መሳሳት እዩ። ስፌቱ ከውጭው ጨርቅ እስከ ውስጠኛው ዘልቆ የበሳው ከሆነ ብርዱ በዚያ መስመር ይገባል።

ሳልቫጅ ተራ ላይ መፈለግ ያለበት ዚፑ የተበላሸ፣ ሙሌቱ ግን ያበጠ ባግ ነው። የተኛ ሙሌት አይጠገንም፤ ዚፕ ግን ይጠገናል፣ ስለዚህ በዚፑ ተከራክራችሁ ዋጋውን አውርዱ። ሙሌቱን ለማወቅ ባጉን ዘርግታችሁ በመዳፍ ተጫኑትና ልቀቁት፤ ወዲያው ካልተነሳ ተዉት። ዚፑ ተዘግቶ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተንሸራታቹ (ጥርሱን የሚያገጣጥመው ብረት) ነው፤ በአጠቃቀም ብዛት ይሰፋል። የኋላ ጠርዙን በፒንሳ በግራም በቀኝም ቀስ እያላችሁ ጠበብ አድርጉት። ኃይል ከበዛ ይሰነጠቃል። ካልሆነ በተንሸራታቹ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር (ብዙ ጊዜ 5፣ 8 ወይም 10) አይታችሁ ባለ ያንኑ ቁጥር ተንሸራታች ልብስ ሰፊ ይቀይርላችሁ። ጥርሱ ላይ ሻማ ማሸትም ያለሰልሰዋል። ጥርሱ የረገፈ ከሆነ ግን ሙሉ ዚፕ መቀየር ስለሚጠይቅ የልብስ ሰፊውን ዋጋ ጠይቃችሁ ከባጉ ዋጋ ቀንሱ።

የትኛውንም ብትገዙ ከታች ካልተነጠፈ ከንቱ ነው። ከሰውነት በታች ያለው ሱፍም ሙሌትም ስለሚጨፈለቅ ከመሬት የሚወጣውን ብርድ አይመክትም። ለዚህ አጎዛን የሚያህል የለም፦ ከሥር የማዳበሪያ ጆንያ ለእርጥበቱ፣ ከላይ አጎዛው ሱፉ ወደ ላይ ሆኖ። ሁለት አጎዛ ከትከሻ እስከ ጉልበት ይበቃል፤ እግሩ ሥር የጉዞ ቦርሳው ይገባል። የጓሳ ሣር አጭዶ ማንጠፍን አታስቡት፤ አጨዳው የሚፈቀደው በማኅበረሰቡ ሥርዓት ነው። ገንዘብ ካጠረ አጎዛውን ቀድማችሁ ግዙ፣ ባናውን ለጊዜው ከዘመድ ተዋሱ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ባናውን በደንብ አራግፋችሁ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ላብና ቅባት ያለበትን ሱፍ ብል ቀድሞ ይበላዋል። በሙቅ ውሃ አይታጠብ፣ ይኮማተራል። ስሊፒንግ ባጉ ደግሞ ተጨምቆ ከረጢቱ ውስጥ አይክረም፤ ሙሌቱ እንዲተነፍስ ሰፊ ጆንያ ውስጥ ልል ብሎ ይቀመጥ ወይም ይሰቀል።