የእናቴ ወረንጦና የፒያሳው የዓይን ክሊኒክ

እናቴ ከኩታበር ወደ ደሴ ስትመጣ ከመቀነቷ ጫፍ የማትለይ አንዲት ወረንጦ ነበረቻት። ዓይኗን ሲቆረቁራት ብርሃን ወዳለበት ዞር ብላ ትቀመጥና ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ትነቅላለች፤ ለዓመታት የታከመችው በዚህ ብቻ ነው። ባለፈው ጥቅምት የግራ ዓይኗ ጭጋግ እንደለበሰባት ስትነግረኝ ግን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ወሰድናት።

ምርመራው ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ባለሙያዋ እናቴ ፊደል እንዳልቆጠረች ጠይቃ ከተረዳች በኋላ ሦስት ጣት የመሰለውን ምልክት እያመለከተች «እማማ፣ ጣቶቹ ወዴት ዞረዋል? በእጅዎ ያሳዩኝ» ስትላት፣ እናቴም ሳትሸማቀቅ እጇን ወደ ላይ ወደ ታች እያዞረች መለሰች። ከዚያም የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጣ ጠባሳውን አሳየችኝ። የዓይን ማዝ የሚባለው ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ ሲይዝ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል እንደሚያጠብሰው፣ ጠባሳው ሲኮማተር ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ እንደሚያዞረውና ፀጉሩም የዓይኑን ፊት እየፋቀ እንደሚያጨልመው አስረዳችን። በሽታው ሴቶችን ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ለዓይነ ስውርነት የሚዳርገው፣ ተህዋሲያኑን በብዛት ከሚይዙት ሕፃናት ጋር ውለው የሚያድሩት እናቶችና እህቶች በመሆናቸው ነው። ወረንጦ ለጊዜው ቢያስታግስም መልሶ የሚበቅለው ፀጉር አጭርና ደረቅ ስለሚሆን ይብሱን ይወጋል።

ክሊኒኩን የማመሰግነው ጠብታ ሸጦ ስላልሸኘን ነው። የጠፋው እይታ በቀዶ ሕክምና እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን እንደሚያተርፍ በግልጽ ተነግሮን ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተላክን። እኔም አስታማሚ ሆኜ ገብቼ ታካሚ ሆኜ ወጣሁ፤ ባለሙያዋ ዕድሜዬ 46 መሆኑን ስትሰማ የዓይኔን ግፊት ለካችልኝ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ሳያሳምም እይታን ከዳር እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የወሰደውም ስለማይመለስ፣ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይገባም አለችኝ።

ከምርመራ ክፍሉ ውጭ ያለው አገልግሎት ግን ያሳዝናል። የክፍሎቹ ቁጥር በደቃቅ ጽሑፍ ተለጥፏል፤ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ! የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ የተደረገላት እናቴ ለሰዓታት ብርሃን መቋቋም እንደማትችል አስቀድሞ የነገረን ባለመኖሩ ከበሩ ስንወጣ ፀሐዩ አንገዳገዳት። ከሁሉም ያናደደኝ ገንዘብ ተቀባዩ ነው። ከፋዩዋ እኔ፣ ታካሚዋ እናቴ ሆነን ሳለን ዋጋውንም ቀጠሮውንም ለወንድሜ ብቻ ያስረዳ ነበር፤ ልጁ ደግሞ ገና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በገጠር ብዙ ሴቶች ለመታከም የሌላ ሰው ፈቃድ እየጠበቁ ዓይናቸው እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ተቋም ይህ ቀላል ግድፈት አይደለም።

መሄድ የምትፈልጉ ሰኞን ተዉት፤ በገበያው ምክንያት ከገጠር የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ ወረፋው አያልቅም። ጃንጥላም ያዙ።

እናቴ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላት ክሩ ወጥቶላታል፤ ሽፋሽፍቱ ዳግመኛ ሊቀለበስ ስለሚችልም ለክትትል ትመላለሳለች። ወረንጦዋ ከመቀነቷ አልተፈታችም፤ አሁን የልጅ ልጆቿን እሾህ ታወጣባታለች።