ረጅሙን ቅጂ ወደ ነጠላ ዘፈኖች መቆራረጥ፦ የትእዛዝ መስመር የሙዚቃ መሣሪያዎች ግምገማ

የቆዩ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል ፋይል ማስገልበጥ በመሀል አዲስ አበባ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ፒያሳ ውስጥ ቴፑን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ ባለሙያ አግኝቼ የአባቴን ካሴቶች ሰጥቼዋለሁ፤ የተረከብኩት ግን የእያንዳንዱን ካሴት አንድ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዳለ የያዘ አንድ ረጅም ፋይል ነበር። «መቆራረጡ ለብቻው በዘፈን ይታሰባል፣ ጋሼ» አለኝ፤ ዋጋውም ለድካሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ይህን ሥራ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ፣ ያለ ክፍያና ያለ ኢንተርኔት፣ በነፃ መሣሪያዎች ሊሠራው ይችላል። ከዚህ በታች የምገመግማቸው ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ፍላክ፣ ሌም፣ ኤስኤችኤንቱል፣ ኪውቱልስ እና ኤምፒ3ስፕልት የተባሉት መሣሪያዎች ሁሉም በተርሚናል ትእዛዝ እየተጻፈላቸው የሚሠሩ ናቸው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤፍኤፍኤምፔግን ብቻ ነው፤ ሁሉንም ነገር ይሠራል ስለሚባልም ሌላውን የሚፈልግ ጥቂት ነው። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ይህ ፕሮግራም የማይከፍተው የድምፅ ፋይል የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም መቁረጥና መቀየር (የፋይሉን ዓይነት መለወጥ) ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ለመቀየር ኤፍኤፍኤምፔግን የሚያህል ባይኖርም፣ ለመቁረጥ ግን እንደ ፋይሉ ዓይነት ከእርሱ የሚሻሉ መሣሪያዎች አሉ። ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ትእዛዝ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው የሚጎዳው ሙዚቃውን ነው፤ ቁርጡ ሲሳሳትበት እንደገና የሚቆርጠው ጥራቱ ከቀነሰው ፋይል ላይ ይሆናልና።

ከመጠኑ እንነሣ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፁ ቅጽበታዊ ልኬት)፣ በ16 ቢትና በሁለት ቻናል ስለሚያዝ፣ ሳይታመቅ በዌቭ ፋይል ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ደቂቃ ከ10 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ገጽ ብቻውን 317 ሜጋባይት ያህል ነው ማለት ነው። ፍላክ ይህን ፋይል ከድምፁ አንዲት ናሙና ሳያጎድል ያሳንሰዋል፤ ሲከፈትም የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለ ይመለሳል። ከዜሮ እስከ 8 ያሉት የማመቂያ ደረጃዎቹ የሚለያዩት ፋይሉን በማሳነሱና በሚፈጀው ጊዜ እንጂ በድምፁ ጥራት አይደለም። ከካሴት የመጣ ቅጂ ከሲዲ ከመጣው ይልቅ በፍላክ ያነሰ እንደሚታመቅ ግን ማወቅ ይገባል፤ ካሴቱ ራሱ የሚያሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ሥርዓት ስለሌለው አይታመቅም። ይህም ሆኖ የማይነካ ዋና ቅጂ በፍላክ ይቀመጥ እላለሁ፤ ካሴቱ አንድ ቀን ቢበጠስ የሚተርፈው እርሱ ነው።

ወደ መቁረጡ ስንመጣ፣ ዘፈኖቹ የት እንደሚጀምሩ የሚገልጽ ምንም ጽሑፍ ስለሌለ ለካሴት ቅጂ የሚያስፈልገው ጸጥታን ፈልጎ የሚያገኝ መሣሪያ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ለዚህ የሚሆን «ሳይለንስ ዲቴክት» የሚባል ማጣሪያ አለው፤ ካልተነገረው በቀር ጸጥታ ብሎ የሚቆጥረው ከ-60 ዴሲቤል (ከዜሮ በታች 60) በታች ወርዶ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ የቆየውን ክፍተት ነው። ይህ ልክ በስቱዲዮ ለተቀዳ ዲጂታል ድምፅ ይስማማል። ለካሴት ግን አይሆንም፤ በሁለት ዘፈኖች መካከል ያለው የካሴት ሽሽታ ራሱ ከዚያ መጠን በላይ ስለሚጮህ መሣሪያው ከመነሻ እስከ መድረሻ አንድም ጸጥታ አላገኘሁም ብሎ ያልፋል። መፍትሔው ከሁለት ዘፈኖች መካከል ጥቂት ሰከንድ ብቻ ወስዶ የድምፁን መጠን መለካት፣ ከዚያም ገደቡን ከተገኘው ቁጥር በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ነው። በእኔ ካሴቶች ላይ ገደቡን ወደ -40 ዴሲቤል ገደማ ማምጣት በቂ ሆኗል፤ ይህ ቁጥር ግን ከካሴት ካሴት ይለያያል።

ገደቡ ከፍ ሲል ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ ይህንንም በጣም በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። በኦርኬስትራ የታጀበ ዘፈን ጥሩምባው አንዴ ከተነሣ በኋላ እስከ መጨረሻው ጸጥ ስለማይል መሣሪያው አይሳሳትበትም። የበገና መዝሙር ግን እንዲህ አይደለም። ደርዳሪው በዝግታ ጀምሮ፣ አንዱን ስንኝ ጨርሶ፣ አውታሩ እስኪረግብ ጠብቆ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል፤ ያ ዕረፍት ከ2 ሰከንድ በላይ ሲሆን መሣሪያው አንዱን መዝሙር ሦስት ቦታ ሊቆራርጠው ይችላል። የክራርና የመሰንቆ መግቢያም ረጋ ብሎ የሚነሣ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ከጸጥታው ጋር ተቆርጠው ይቀራሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ቅጂ የጸጥታውን ርዝመት ወደ 4 ሰከንድ ማሳደግና የተገኙትን የጊዜ ነጥቦች ወዲያውኑ ለቁርጥ ከማዋል ይልቅ በጽሑፍ ፋይል አስቀምጦ፣ እያንዳንዱን ነጥብ አዳምጦ፣ የቁርጡን ቦታ ወደ ጸጥታው መሀል ማስጠጋት ያሻል። ኤፍኤፍኤምፔግ ነጥቦቹን በሰከንድና በሰከንድ ሽራፊ ዘርዝሮ ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው፤ ግራፊክ ፕሮግራሞች በመዳፊት ከሚያስጎትቱት ይልቅ ይህ ዝርዝር ለእኔ የበለጠ የሚታመን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነጥቦቹ ከታወቁ በኋላ ያለው ቁርጥ ቀላል ይመስላል፤ እዚህ ላይ ግን የኤፍኤፍኤምፔግ ድክመት ይታያል። «ኮፒ» የሚለው ምርጫ ድምፁን እንደገና ሳያመሳጥር (ፈትቶ እንደ አዲስ ሳያምቅ) ቆርጦ ስለሚገለብጥ ፈጣን ነው፤ የፍላክ ፋይል በዚህ መንገድ ሲቆረጥ ግን የፋይሉ ራስጌ (ስለ ፋይሉ መረጃ የያዘው የመጀመሪያው ክፍል) የድሮውን ርዝመትና የድሮውን የማረጋገጫ ቁጥር ይዞ ሊቀር ይችላል። የአራት ደቂቃው ዘፈን በማጫወቻው ላይ 30 ደቂቃ ተብሎ ሲታይ ምክንያቱ ይህ ነው። ፍላክ እንደገና ቢመሳጠር የሚጠፋ ነገር ስለሌለ ኮፒ የሚለውን ትቶ በአዲስ መልክ ማመሳጠር ይበጃል። ለኤምፒ3 ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እንደገና መመሳጠር ጥራቱን ስለሚቀንስ እንደ ኤምፒ3ስፕልት ያለ ሳያመሳጥር የሚቆርጥ መሣሪያ ይመረጣል። የኤምፒ3 አንድ ክፍልፋይ 1,152 ናሙና ወይም 26 ሚሊሰከንድ ያህል በመሆኑ ቁርጡ ከዚያ ይበልጥ ትክክለኛ ሊሆን አይችልም፤ በሁለት ዘፈኖች መካከል ጸጥታ እስካለ ድረስ ግን ይህን ጆሮ አይለየውም።

ከሲዲ የተገለበጠ አንድ ሙሉ ፋይል ከኪው ሺት ጋር ሲመጣ ደግሞ ከኤስኤችኤንቱል የሚሻል የለም። ኪው ሺት የእያንዳንዱን ትራክ መነሻ በደቂቃ፣ በሰከንድና በፍሬም የሚገልጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፣ አንድ ሰከንድ 75 ፍሬም፣ አንድ ፍሬም ደግሞ 588 ናሙና ነው። የመጨረሻውን ቁጥር የመቶኛ ሰከንድ አድርጎ የሚያነብ ሰው 60 ፍሬምን 0.6 ሰከንድ ይለዋል፤ ትክክለኛው ግን 0.8 ሰከንድ ነው፤ በዚህች ልዩነትም የአንዱ ዘፈን ጭራ በሌላው ራስ ላይ ይቀራል። ኪውቱልስ ነጥቦቹን ከጽሑፉ አውጥቶ ያቀብላል፣ ኤስኤችኤንቱል በፍሬሙ ድንበር ላይ ይቆርጣል፣ ከዚያ ኪውቱልስ እንደገና የዘፈኑንና የድምፃዊውን ስም በየፋይሉ ይጽፋል። በመድረክ የተቀዳና ዘፈኖቹ በጭብጨባ የተያያዙ ቅጂ በዚህ መንገድ ሲቆረጥ በተከታታይ ሲጫወት ክፍተት አይሰማበትም። ኤስኤችኤንቱል ከብዙ ዓመታት ወዲህ አዲስ እትም አልወጣለትም፤ ለዚህ ሥራ ግን አሁንም ያለ እንከን ያገለግላል።

ቀጥሎ የሚመጣው መቀየሩ ነው። የታክሲና የቤት መኪና ማጫወቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው ኤምፒ3 በመሆኑ ኤምፒ3 የሚሠራው ሌም እዚህ አስፈላጊ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ይህ መሣሪያ በተለዋዋጭ መጠን ሲሠራ «ቪ 2» የሚባለው ደረጃ በአማካይ 190 ኪሎቢት በሰከንድ አካባቢ ይሰጣል፤ ከላይ የጠቀስኩት 317 ሜጋባይት ወደ 43 ሜጋባይት ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ለካሴት ቅጂ ከዚህ በላይ መሄድ ቦታ ማባከን ነው። በፍላሽ ዘፈን ሲጫን 128 ኪሎቢት የነበረውን ፋይል ወደ 320 ቀይሮ «ኦርጅናል» ብሎ መስጠት መለመዱ በጣም ያሳዝነኛል፤ አንዴ የጠፋ ድምፅ ቁጥሩ ስላደገ አይመለስም፣ ፋይሉ ብቻ ይወፍራል።

ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች ልዩ ትኩረት የሚሻው የስሞቹ አጻጻፍ ነው። ፍላክ የዘፈኑን መረጃ ዩቲኤፍ 8 በተባለው የፊደላት ኮድ ስለሚይዝ የግእዝ ፊደል ያለ ችግር ይቀመጥበታል። በኤምፒ3 ላይ ግን ኤፍኤፍኤምፔግ ካልተነገረው በቀር የሚጽፈው አይዲ3 የተባለውን የዘፈን መረጃ መያዣ ሁለተኛ ትውልድ አራተኛ እትም ሲሆን፣ የቆዩ ማጫወቻዎች እርሱን በትክክል ማንበብ ስለማይችሉ ስሙን በጥያቄ ምልክት ይሞሉታል። ሦስተኛው እትም እንዲጻፍ በትእዛዙ ላይ መግለጽ ብዙዎቹን ያስተካክላል፤ የግእዝ ፊደል ጨርሶ ያልተጫነበት ማጫወቻ ግን ሳጥን ማሳየቱን አይተውም። በተጨማሪም አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚወስድና በሊኑክስ የፋይል ስም ከ255 ባይት ስለማይበልጥ፣ ስሙ ከ85 ፊደል ማለፍ አይችልም። የድምፃዊውን፣ የባንዱንና የዘፈኑን ስም አንድ ላይ የሚደረድር ሰው ወደዚህ ገደብ ሳያስበው ይደርሳል።

አንድ ፎልደር ሙሉ ፋይል በአንዲት አጭር ትእዛዝ ተራ በተራ መቀየር መቻሉ የእነዚህ መሣሪያዎች ትልቁ ጥቅም ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤፍኤፍኤምፔግ ያለውን ፋይል እንዳይደርብ ሲታዘዝ ስሙን ብቻ አይቶ ስለሚያልፍ፣ መብራት ሲጠፋ በግማሽ የቀረውን ዘፈንም እንደተጠናቀቀ ይቆጥረዋል። ሥራውን ከመቀጠል በፊት በመጨረሻ የተጻፈውን ፋይል ማጥፋት ይገባል፤ የፍላክ ፋይሎች ደግሞ በውስጣቸው የማረጋገጫ ቁጥር ስላለ በራሱ በፍላክ የመፈተሻ ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መመርመር ይቻላል።

ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የሚጠቀም ሰው ሁሉንም መሣሪያዎች ከስርዓቱ የፕሮግራም ማከማቻ አንድ ጊዜ አውርዶ መጫን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ዳታ አያስፈልግም። በዊንዶውስ ኤፍኤፍኤምፔግ፣ ፍላክና ሌም ያለ ችግር ይሠራሉ፤ ኤስኤችኤንቱልና ኪውቱልስን አንድ ላይ ማቀናጀት ግን አድካሚ ስለሆነ ለሲዲ ፋይሎች ሊኑክስን እመርጣለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ካሴት ብቻ ያለው ሰው ለባለሙያው ከፍሎ ማስቆረጡ ይቀለዋል፤ ከዚያ በላይ ካሴት ያለውና የጊዜ ነጥቦቹን በራሱ ጆሮ ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ግን በኤፍኤፍኤምፔግና በፍላክ ይጀምር፣ ሌሎቹን እንደ ፋይሉ ዓይነት ይጨምር።