«1.2 ኪሎ ብቻ!» የሚል የድንኳን ማስታወቂያ አይታችሁ ገንዘብ አትላኩ

ወገኖች፣ ለሁለት ሰው ድንኳን «1.2 ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁት፦ 1.2 ኪሎው የምኑ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛው ድንኳን፣ የዝናብ ልባሱና የምሰሶዎቹ ብቻ ነው። «ሚኒመም ዌይት» ወይም «ትሬይል ዌይት» የሚሉት ይህንኑ ነው። ካስማው፣ አውታሩና ከረጢቶቹ አልተቆጠሩም። ጀርባችሁ ላይ የሚወጣው «ፓክድ ዌይት» የተባለው ነው፤ እሱን ደግሞ ታች በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል፣ ወይም ጨርሶ ይተዉታል።

እስቲ ደምሩት። አንዱ 14 ግራም የሆነ 8 የአልሙኒየም ካስማ 112 ግራም፣ አራት አውታር 40፣ ከረጢቶቹ 60፣ ለብቻው የሚሸጠው፣ ከድንኳኑ ሥር የሚነጠፈው የመሬት ምንጣፍ 220። ድምሩ 432 ግራም ነው። 1.2 ኪሎ የተባለው 1.63 ኪሎ ገባ፤ ከሲሶ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። «ፋስት ፓክ» የሚባለው ቁጥር ውስጠኛውን ድንኳን ጭምር አውጥቶ ልባሱን፣ ምሰሶውንና ምንጣፉን ብቻ የሚመዝን ነው። በዚያ ክብደት የምታድሩት ያለ ትንኝ መረብ ነው። በመራመጃ ዘንግ የሚቆሙትም ምሰሶ ስለሌላቸው ነው የቀለሉት፤ ዘንግ የማትይዙ ከሆነ ምሰሶ ለብቻ ገዝታችሁ ክብደቱን ትመልሱታላችሁ።

አሜሪካ ባለ ዘመድ የምታስመጡ ደግሞ ፓውንዱን አስተውሉ። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ እንጂ 10 አይደለም። «3 ፓውንድ ከ4 አውንስ» 1,474 ግራም ነው፤ 3.4 ፓውንድ ግን 1,542 ግራም። ሁለቱን እያቀላቀሉ የሚጽፉ ሻጮች ሞልተዋል።

ክብደቱ እውነት ሆኖ ሲገኝም የተቀነሰው ከየት እንደሆነ መርምሩ። የወለሉን ጨርቅ ዲኒየር (የክሩን ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጨርቁ ስስ ነው) እዩ፦ 20 ከሆነ በጥንቃቄ ያገለግላል፤ 7 ወይም 10 ከሆነ ሹል ጠጠር ይበሳዋል፣ ያለ ምንጣፍ አይሞከርም። ስፋቱንም ለኩ። አንድ ተራ ፍራሽ 51 ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው 64 ነው። ሁለት ሰፊ ፍራሽ 128 ስለሚፈልግ፣ 120 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን «የሁለት ሰው» ብለው የሸጡላችሁ ክብደቱን የቀነሱት ከመኝታችሁ ቆርሰው ነው። የፋይበርግላስ ምሰሶም አትቀበሉ፤ ይከብዳል፣ ነፋስ ሲያጎብጠው ደግሞ እንደ አገዳ ይሰነጠቃል። አልሙኒየም ቢጎብጥ እንኳ ቱቦ አልብሶ ማሳደር ይቻላል።

ሰሜን ተራሮች ሄዳችሁ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጭነቅ የምታድሩ ከሆነ ጓዙን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ በቅሎ ነው። እዚያ ለ400 ግራም ብላችሁ ተጨማሪ ብር አታውጡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ፀሐዩም ነፋሱም ስስ ጨርቅ ይጨርሳል፤ ግማሽ ኪሎ ከብዶ ጠንካራ የሆነው ይሻላችኋል። በእግሩ የሚሸከም ሰው ግን ዝናብንም ያስላ፦ በጠዋት እርጥቡን ጠቅልላችሁ ስትነሱ ልባሱ ብቻ ብዙ መቶ ግራም ውኃ ይይዛል። ናይለን ውኃ ጠጥቶ ይረግባልና ማታ አውታሩን ደግሞ መወጠር አለ፤ ፖሊስተር በዚህ በኩል ይሻላል።

ዕቃው እንደ ደረሰ ውጭ አትትከሉት፤ አፈር ከነካው ሻጩ አልመልስም ሊል ይችላል። ቤት ውስጥ በወጥ ቤት ሚዛን ልባሱን፣ ውስጠኛውን፣ ምሰሶውንና ካስማውን ለየብቻ መዝናችሁ ጻፉ፤ የሻንጣ ሚዛን ለእንዲህ ያለው አይሆንም። በመቶ 3 ወይም 5 ቢዛነፍ ከጨርቁ አሠራር ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ካለፈ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ የሚዛኑን ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት። ገና ያልከፈላችሁ ደግሞ ድንኳኑ ከነከረጢቱ፣ ካስማው ሳይወጣ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። አልልክም ካለ አትክፈሉ።