የአባቴን አይሱዙ አድነው እኔን ከጎረቤቴ ላስታረቁኝ ጋሼ

ሰላም ለሁላችሁ። ርዝመቱን ከወዲሁ ይቅር በሉኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሥራ ይዞኝ ነው። ዛሬ ልጄም ተኝታለች፣ ቡናዬንም ጠጥቻለሁ።

አሮጌ የጭነት መኪና ኖሯችሁ ሞተሩ እያፈላ ያስቸገራችሁ ካላችሁ፣ እኚህን መካኒክ ፈልጓቸው። ዋናው ነገር ይሄ ነው። እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይሄን ብቻ ይዞ ይሂድ።

መኪናው የአባቴ አይሱዙ ኤንፒአር ነው። በ1996 ዓ.ም. ነው የገዛው። ከጎጃም ጤፍ እየጫነ እህል በረንዳ እያራገፈ በዚህ መኪና ነው ያሳደገን። ሰዉ አይሱዙን "አልቃይዳ" እያለ ሲጠራው ደሙ ይፈላ ነበር። "መኪናው ምን በደለ? የሚነዳውን ሰውዬ ጠይቁት" ይል ነበር። በ2011 ሲያርፍ መኪናው ታናሽ ወንድሜ እጅ ገባ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው ነገር የለም። ጋቢናው ውስጥ የአባቴ ጋቢ ሽታ እስካሁን አለ፣ የማውቀው እሱን ነው።

ችግሩ የጀመረው አምና ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ ጭኖ ደጀንን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ የሙቀቱ ጌጅ ቀይ ውስጥ ገባ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድልድዩ ከባሕር ወለል በላይ ከሺህ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ናችሁ። ይህን ሁሉ ዳገት ከነጭነቱ በመጀመሪያና በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ በየጉዞው እንደዚያው ሆነ። ያቆማል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ በሃይላንድ ውሃ ይጨምራል፣ ይቀጥላል። እናቴ ስልኳን ታቅፋ ነበር የምታድረው።

አሁን ወደ መረረኝ ነገር ልግባ። የጋራዦቹን ስም አልጠራም።

የመጀመሪያው ጋቢናውን እንኳ ሳያነሳ "ቴስታታው ተበልቷል፣ መውረድ አለበት" አለን፤ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል ማለቱ ነው። የጠራው ብር ለልጄ ትምህርት ቤት በዓመት ከምንከፍለው ይበልጣል። ምን አይተህ ነው ስንለው ተቆጣ። ሁለተኛው ራዲያተሩ ውስጥ አረንጓዴ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና የሆነ "መድኃኒት" ጨመረ። ቀዳዳ ይደፍናል አለ። እውነቱን ነው፣ ደፈነ! መደፈን የሌለበትን ሁሉ ነው የደፈነው።

ሦስተኛው የባሰ ነው። እሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ወንድሜ ገና ከመንገድ መግባቱ ነበር፣ ሞተሩ ይንቀለቀላል። ሰውዬው "ቶሎ በል፣ ሌላ ቀጠሮ አለብኝ" እያለ የራዲያተሩን ክዳን አስከፈተው። የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ የወንድሜን ክንድ ከክርኑ እስከ መዳፉ ላጠው። ጠባሳው አሁንም አለ። ይቅርታ እንኳ አላለም። ከዚያ ከታች ፈታና አረንጓዴውን ውሃ ግቢያችን ላይ ለቀቀው። "ባልዲ ላምጣ?" ስለው "ምን ያደርጋል እህቴ፣ ውሃ እኮ ነው፣ መሬት ይጠጣዋል" አለኝ። የቧንቧ ውሃ ሞላበት፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ።

በዚያው ሳምንት ውሻችን ቡቺ ሞተ። እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ አየነው፣ አስመለሰው፣ ከዚያ መነሳት አቃተው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሥር ደርቆ አገኘነው። ይሄን ለምን እንደምነግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

መኪናው ከዚያ በኋላ ዓባይን አላየም። እዚሁ አካባቢ አሸዋ ሲያመላልስ ከረመና ከሁለት ወር በፊት ጭራሽ አስር ደቂቃ ሳይሠራ ማፍላት ጀመረ። ግቢ ውስጥ ቆመ። ወንድሜ "እንሽጠው" አለ። እናቴ አለቀሰች። መጨረሻ ላይ ሶማሌ ተራ ማኒኮቶ (የራዲያተር የጎማ ቱቦ) ሊገዛ ሄዶ አንድ ባለሱቅ ስለ ጋሼ ነገረው።

ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ እጃቸው የቁልፍ ቦርሳ፣ በሌላው ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ይዘው መጡ። ሳፋ ይዞ የመጣ መካኒክ ያየሁት ያን ቀን ነው። ስድሳውን ያለፉ ይመስለኛል፣ ቱታቸው ታጥቦ ተተኩሷል። ወንድሜ ሊያሳያቸው ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቃቸው ነበር። "አጥፋው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ ቡና ካለ አፍዪ፣ ዛሬ አንቸኩልም" አሉ።

ሦስተኛው ሲኒ አልቆ እንኳ አልተነሱም። ወንድሜ ቁልፍ ሊያቀብላቸው ሁለት ጊዜ ተነሳ፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጡት። ክንዱን አይተውታል፤ ምንም ግን አላሉም። በመጨረሻ ሄደው መዳፋቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ፣ ሕፃን አተኮሰው ወይ ብላችሁ ግንባሩን እንደምትነኩት። "አሁን ይከፈታል" አሉ።

ከመክፈታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁ። "ግቢው ውስጥ ሕፃን አለ? ውሻስ?"

ሕፃኗን ቤት አስገባኋት። "ውሻ ነበረን፣ አምና ሞተ" አልኳቸው። ሳፋውን ከሥር እያስተካከሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ "ይሄ ኩላንት የሚሉት ነገር ይጣፍጣል" አሉኝ። "ውሻ ይልሰዋል፣ ልጅም ይቀምሰዋል። መርዝ ነው። መጀመሪያ ያንገዳግዳል፣ ኋላ ኩላሊት ይጥላል። ለዚህ ነው ሳፋ የምይዘው።"

ቆሜ ቀረሁ። እኛ እኮ ቡቺን ጎረቤታችን መርዛው ነው ብለን ነበር! ሌሊት ሲጮህ ስለሚረብሻት አንድ ቀን "ይሄን ውሻ ገላግሉኝ" ብላን ነበር። በቃ፣ ፈረድንባት። ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም። ለደመራ ጎን ለጎን ቆመን አልተያየንም። እርግጥ የቡቺን ሆድ ከፍቶ ያየ የለም፤ ግን መንገዳገዱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ አረንጓዴው ውሃ የት እንደፈሰሰም አውቃለሁ።

ወደ መኪናው ልመለስ። የሠሩትን ሁሉ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ጋቢና ገብቼ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ እንድከፍት አዘዙኝ። በዚያ ፀሐይ! እዚያ መስመር ውስጥም የቀረ ውሃ አለ አሉ። ራዲያተሩን ከታች ፈቱት፣ የአተላ መልክ ያለው ውሃ ወጣ፣ ቆመ። ወንድሜ "አለቀ" አለ። "የራዲያተሩ ነው ያለቀው፣ የሞተሩ መቼ ጀመረና" አሉት። ሞተሩ ጎን ላይ ተጎንብሰው አንድ ቡሎን ፈቱ። ጠብ የሚል የለም። እኔማ በውስጤ "በቃ፣ የለም ማለት ነው" አልኩ። እሳቸው ከኪሳቸው ቀጭን ሽቦ አወጡ። ቀዳዳው ውስጥ ቀስ አድርገው እየቆረቆሩ ጆሯቸውን አስጠጉ። መጀመሪያ የበርበሬ ድልህ የመሰለ ዝገት ወጣ። ቀጥሎ እንደገና ምንም። ቀጥሎ ተንዶለዶለ! ሳፋው ሞልቶ ወደ ጄሪካን እየተገለበጠ፣ የሃያ ሊትሩ ጄሪካን ከግማሽ በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት የመጡት አንዳቸውም ያንን ቡሎን አልነኩትም። ወንድሜ ምሏል።

ንጹህ ውሃ እስኪወጣ ደጋግመው አጠቡት። ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ሲሞሉ ደግሞ የቧንቧ ውሃ እንቢ አሉ፤ የባትሪ ውሃ (አሲዱን ሳይሆን የተጣራውን ውሃ) አስገዝተው ከአዲስ ኩላንት ጋር እኩል በእኩል ቀላቀሉት። ለምን ውሃ ብቻ አይበቃም ብዬ ጠየቅኳቸው። "ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለው ለምን ይመስልሻል? ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ ነው። አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ መቶ አይጠብቅም። ኩላንት ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል፣ ዝገትም ይከለክላል" አሉኝ። ስለ ክዳኑና ስለ ግፊቱ የነገሩኝ ግን አልገባኝም፣ ገባኝ ብዬ ነው ያለፍኩት። ክዳኑንም በአዲስ አስቀየሩን።

የወጣውን ቆሻሻ ጄሪካን ውስጥ ከድነው በማርከር "መርዝ" ብለው ጻፉበትና ይዘውት ሄዱ። ጠብታ የነካውን አፈር እንኳ በአካፋ አስጠርገውናል። የጠየቁት ዋጋ የዚያ ሦስተኛው ሰውዬ ግማሽ አይሆንም። ጨምረን ብንሰጥ መለሱልን። በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። የውሃውን ልክ ሊያዩ ነው። ሞተሩ ማደር አለበት፣ አየር ወጥቶ ውሃው ይጎድላል ብለው ነው። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። እንደዚህ ዓይነት ሰው አለ እንዴ አሁን?

ባለፈው ሐሙስ ወንድሜ ከጎጃም ጭኖ መጣ። ከጎሃ ጽዮን ደወለ። እናቴ ስልኩን ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። "እማዬ፣ አንዴም አልቆምኩም" አላት።

ጎረቤቴ ጋ የሄድኩት ያን ቀን ማታ ነው። ከበሩ አላለፍኩም፣ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ "እኔ እኮ ለቡቺ በአጥሩ ቀዳዳ አጥንት እሰጠው ነበር። እንዲያው ሌሊት ዝም እንዲልልኝ" አለችኝ። እንባዬ መጣ። እሷ ግን "ግቢ፣ ብርድ ነው" አለችና ገባሁ።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ጋሼ ለምነውኛል። "እኔ ወረፋ አልወድም" ነው ያሉኝ። ስለዚህ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ብቻ እሰጣለሁ። ጠይቁኝ፣ አትፈሩ፣ ሌላ ቦታ ብራችሁን አትጨርሱ። ጠዋት ደውሉላቸው፤ ከሰዓት መኪና ሥር ስለሆኑ አያነሱም። ቡናም አዘጋጁ፣ ሞተሩ እስኪበርድ የትም አትሄዱም።