ዘጠኝ ወር ከፒጂሎደር ጋር፦ ቁጥሩ ገጥሞ ዳታው ሲሳሳት

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከአንድ መስመር ትእዛዝ አላለፈም። ዳታው ያለበትን የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ አድራሻ ጻፍኩ፣ የሚሄድበትን የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አስከተልኩ፣ ኢንተር ነካሁ። 62 ቴብል (የዳታ ሠንጠረዥ) ነበር። ወንበሬን እንኳ ሳላስተካክል አለቀ። መጨረሻ ላይ አንድ ሪፖርት ዘረገፈልኝ፦ የቴብሉ ስም፣ የስህተቱ ብዛት፣ የገባው ረድፍ፣ ባይቱ፣ የፈጀው ጊዜ። የስህተቱ ኮለም ከላይ እስከ ታች ዜሮ ነው። «ይሄ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር?» አልኩ።

ይህ ከ9 ወር በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ዳታቤዞችን ከማይኤስኪውኤል ወደ ፖስትግሬስ አሻግሬበታለሁ። ዛሬም እጠቀምበታለሁ። ያንን የዜሮ ኮለም ማመን ግን ካቆምኩ ቆየሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። ፒጂሎደር ነፃና ክፍት ሶፍትዌር ነው። ከማይኤስኪውኤል፣ ከኤስኪውኤላይት፣ ከማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ወይም ከሲኤስቪ (ዋጋዎቹ በኮማ የተለዩ ተራ ጽሑፍ) ፋይል ዳታ ወስዶ ፖስትግሬስ ውስጥ ያስገባል። መጀመሪያ በቲሲኤል፣ ቀጥሎ በፓይተን ነበር የተጻፈው፤ በኋላ ኮመን ሊስፕ በሚባለው ቋንቋ እንደ አዲስ ተሠራ። መንገዱ የአንድ አቅጣጫ ነው። ከፖስትግሬስ ልውጣ ለሚል ሰው አይሆንም።

ከእሱ በፊት የምሠራው በሲኤስቪ ነበር። ከአንዱ አውጥቶ ወደ ሌላው መጫን። ሲነገር ቀላል ነው። ችግሩ ባዶ ጽሑፍና ነል (ዋጋው አይታወቅም የሚለው ምልክት) ላይ ይጀምራል። ማይኤስኪውኤል ነልን የሚጽፍበት ምልክትና ፖስትግሬስ ሲኤስቪ ውስጥ የሚጠብቀው አይገጥምም። ስልክ ያልሰጠ ደንበኛ ስልኩ ባዶ ነው ወይስ አይታወቅም? አንድ ሙሉ ሳምንት በዚህ ጥያቄ ብቻ ታምሻለሁ። ፒጂሎደር በመሃል ፋይል ስለማያስቀምጥ ይህ ጣጣ የለበትም። ከአንዱ እያነበበ ለሌላው በቀጥታ ያቀብላል።

ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ረድፉን አንድ በአንድ በኢንሰርት አያስገባም፤ ኮፒ በሚባለው የፖስትግሬስ የጅምላ መንገድ ነው የሚጭነው። ኮፒ ፈጣን ነው፤ ግን ግትር ነው። ከሚሊዮን ረድፍ አንዱ ከተበላሸ ሁሉንም ይመልሳል። ፒጂሎደር እዚህ ላይ ብልጥ ነው። ረድፎቹን በ25,000 እየቆረጠ ይልካል። ስህተት ሲገጥመው እንዲቀጥል ካዘዛችሁት፣ ፖስትግሬስ አንዱን ጭነት ሲመልስበት ስንተኛው መስመር ላይ እንደተደናቀፈ ከስህተት መልእክቱ ያነባል። ከዚያ በፊት ያሉትን ደግሞ ይልካል፣ ጥፋተኛውን ረድፍ ወደ ጎን ፋይል ይጥላል፣ ከቀጣዩ ይቀጥላል። ምክንያቱን ደግሞ ሌላ ፋይል ላይ ይጽፍላችኋል። ጠዋት መጥቼ ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ ማየት የሥራዬ ደስ የሚለው ክፍል ሆኗል። ሠላሳ ምናምን ረድፍ ብቻ ተመልሶ ሳገኝ ማለቴ ነው።

ኢንዴክሶቹን (የፍለጋ ማውጫዎቹን) እና ፎሪን ኪዎቹን (ቴብሎችን የሚያያይዙትን) ዳታው ከገባ በኋላ ነው የሚሠራቸው። የመለያ ቁጥር ቆጣሪዎቹንም መጨረሻ ላይ ያስተካክላል። ይህን በእጁ ሠርቶ የረሳ ሰው ያውቀዋል። ዳታው ሁሉ ገብቶ፣ ሁሉም ሰው ተደስቶ፣ የመጀመሪያው አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ «ይህ ቁጥር ተይዟል» የሚል ኤረር ይመጣል። እኔ ሁለት ጊዜ ረስቼ አውቃለሁ። ፒጂሎደር አንድም ጊዜ አልረሳም።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ሁለተኛው ዳታቤዝ የትእዛዝ ሥርዓት ነበር። ሌሊቱን አሻገርኩ፤ የረድፉን ብዛት በሁለቱም በኩል ቆጠርኩ፤ ልክ ነው። በሁለተኛው ቀን የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ደወለች።

«ስማ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ትእዛዙን ከሰረዘ ስንት ጊዜው። ለምንድን ነው ተከፍሏል የሚለው?»

አንድ ሰው መስሎኝ ነበር። ከፍቼ ሳይ ልቤ ዱብ አለ። በዳታቤዙ ውስጥ አንድም የተሰረዘ ትእዛዝ የለም። ገንዘቡ የተመለሰለትም የለም። ሁሉም ወይ ተከፍሏል ወይ አልተከፈለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይኤስኪውኤል እውነትና ሐሰትን የሚይዝበት የራሱ ዓይነት የለውም። ቡሊያን ብላችሁ ስትጽፉ ቲኒኢንት ቅንፍ አንድ በሚባል የትንሽ ቁጥር ዓይነት አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ፒጂሎደር ቲኒኢንት ቅንፍ አንድ ባየ ቁጥር «ይሄ ቡሊያን ነው» ብሎ ይደመድማል። ዜሮን ሐሰት፣ የቀረውን ሁሉ እውነት ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ግን ያ ቅንፍ ውስጥ ያለው አንድ የማሳያ ስፋት እንጂ ገደብ አይደለም። ኮለሙ ከዚያ በላይ ቁጥር በምቾት ይይዛል። የእኛን ሥርዓት የጻፈው ሰው ደግሞ 0ን አልተከፈለም፣ 1ን ተከፍሏል፣ 2ን ተሰርዟል፣ 3ን ተመልሷል ብሎት ነበር። አንድም፣ ሁለትም፣ ሦስትም «እውነት» ሆኑ። አፕሊኬሽኑ እውነትን እንደ አንድ አነበበ። አንድም ረድፍ አልጠፋም፤ አንድም ኤረር አልወጣም።

አሮጌው ዳታቤዝ ስላልተነካ ተረፍን። ከተሻገርን ወዲህ ያልተነኩትን ትእዛዞች ከእሱ መለስኩ። በሁለቱ ቀን ውስጥ የተቀየሩትን ግን አንድ በአንድ ከባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን አረምን። እስከ ምሽት ቆየን። እሷ ብዙ አልተናገረችም፤ ባትናገርም ገብቶኛል።

ጥፋቱ የማን ነው? ሕጉ በመመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ነኝ ያላነበብኩት። መፍትሔውም በኮንፊግ ፋይሉ ላይ የአንድ መስመር ነገር ነው፤ «ይህ ኮለም ስሞልኢንት (ቁጥር) ይሁን» ትሉታላችሁ፣ ይሰማችኋል። ቢሆንም አንድ ቅሬታ አለኝ። ከአንድ በላይ የሆነ ቁጥር ሲያገኝ አንዲት የማስጠንቀቂያ መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት? ዓይነት መቀየር አንድ ነገር ነው፤ መረጃ ሲጠፋ ዝም ማለት ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የልወጣ ሕጎቹን ዝርዝር እንደ ውል አነባለሁ። ውስጡ ብዙ ውሳኔ አለ። ባለ ዜሮ ቀን፣ ማለትም ዓመቱም ወሩም ቀኑም ዜሮ የሆነው የማይኤስኪውኤል ጉድ፣ ነል ይሆናል፤ ኮለሙ ላይ የነበረው «ባዶ አይሁን» የሚለው ግዴታም አብሮ ይነሳል። ምልክት የሌለው (ከዜሮ በታች የማይወርድ) ኢንት ሰፋ ወዳለው ቁጥር ወደ ቢግኢንት ያድጋል፤ ይሄ ተገቢ ነው፣ የፖስትግሬስ ኢንት ከ2,147,483,647 አያልፍምና። ትልልቅ ፊደል ያለበት የኮለም ስም ሁሉ ትንንሽ ይሆናል። ቴብሎቹ የሚያርፉት ደግሞ በአሮጌው ዳታቤዝ ስም በተሰየመ ስኬማ (የቴብሎች ክፍል) ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቀን ፖስትግሬስ በራሱ የሚያዘጋጀውን ፐብሊክ የሚለውን ስኬማ ከፍቼ ባዶ ሳገኘው የተሰማኝን አልናገርም።

ሰዓት ላይም ተመትቻለሁ። የማይኤስኪውኤል ዴትታይም የሰዓት ቀጠና አያውቅም፤ የተጻፈለትን ይዞ ይቀመጣል። ፒጂሎደር ግን የሰዓት ቀጠና ወዳለው ታይምስታምፕ ይቀይረዋል። የፖስትግሬሱ ሴሽን ዩቲሲ (ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ያለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ላይ ነበር፤ የተጻፈው ሰዓት ግን የሰፈር ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ ቀትር 6 ሰዓት ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን እንኳ በሙከራው ላይ ነው የያዝኩት። ከተጠቃሚ የመጣ ስልክ ቢሆን ኖሮ ቆሽቴ ያርር ነበር።

ሦስተኛው ዳታቤዝ አሮጌ ነው፤ ስሞቹ በአማርኛ ተጽፈዋል። ኮለሞቹ ግን ላቲን1 (ለአውሮፓ ፊደላት የተሠራ የፊደል ኮድ) ናቸው። እንዴት ሲሠራ ኖረ ትሉ ይሆናል። አፕሊኬሽኑም ሲገናኝ ላቲን1 ነኝ ይል ነበር። ስለዚህ ባይቱ ሳይነካ ይገባል፣ ሳይነካ ይወጣል። ሁለቱም እየተዋሹ ተስማምተው ኖሩ። ፒጂሎደር መጥቶ የሁሉንም ፊደል በሚይዘው ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አምጣ ሲለው ሰርቨሩ በቅንነት ተረጎመለት። ሰላማዊት የሚለው አምስት ፊደል አሥራ አምስት ምልክት ሆነ፤ በየሦስቱ ያቺ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ ብቅ ትላለች። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚፈጅ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ተፈታልኝ። ኮለሙ 30 ምልክት ይይዛል ተብሎ ነበር፤ በላቲን1 ግን ያ 30 ባይት፣ በእኛ ፊደል 10 ማለት ነው። የአንዳንዱ ሰው ስም ለምን መጨረሻው እንደተቆረጠ ያኔ ገባኝ።

ይህን ፒጂሎደር ላይ ለመፍታት አልታገልኩም። የማይኤስኪውኤሉን ቅጂ ወሰድኩ፣ ኮለሞቹን መጀመሪያ ወደ ባይነሪ፣ ቀጥሎ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀየርኩ፣ ከዚያ አሻገርኩ። ከምንጩ ሳይጠራ የሚፈስ ውሃ ቱቦ ቢቀይሩለት አይጠራም።

ሜሞሪ ይበላል። የተያያዘ ፋይል በብሎብ (በጥሬ ባይት መያዣ) የሚያስቀምጥ አንድ ቴብል ላይ ስደርስ ሥራው ተቋረጠና «ሂፕ ኤግዞስትድ፣ ጌም ኦቨር» (ሜሞሪው አለቀ፣ ጨዋታው አበቃ) የሚል መልእክት ወጣ። እየቀለድኩ አይደለም፤ በቁሙ እንዲህ ነው የሚለው። የሊስፑ ሞተር ቃል ነው። ከምንጩ በአንዴ የሚያነበው 100,000 ረድፍ ስለሆነ ረድፉ ሲወፍር አይችለውም። ወደ 5,000 ዝቅ አደረግኩት፤ ዘገየ እንጂ አልወደቀም።

ሲጀመር መገናኘትም ሊያስቸግር ይችላል። ማይኤስኪውኤል ከ8.0 ጀምሮ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴውን ቀይሯል። እኔ ዘንድ ያለው የፒጂሎደር ቅጂ አዲሱን አልቀበል አለኝ። ማንበብ ብቻ የሚችል ዩዘር በድሮው ዘዴ ፈጥሬ አለፍኩት። የድሮው ዘዴ ከ9.0 ጨርሶ ስለወጣ ይህ መላ እዚያ አይሠራም።

ዳታቤዙ ውስጥ የተጻፉ ፕሮግራሞችን፣ ስቶርድ ፕሮሲጀርና ትሪገር የሚባሉትን፣ አያሻግርም። ቪው (እንደ ቴብል የሚታይ የተቀመጠ ጥያቄ) ደግሞ ከፈለጋችሁ ወደ ቴብል ለውጦ ዳታውን ያመጣል እንጂ ቪውነቱን አያመጣም። እነዚህን በእጅ ነው የጻፍኩት። ረጅም ነው፤ አሰልቺ ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ከሁሉ ዘግይቶ የታየው ችግር ግን የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። አንድ ደንበኛ «ያዘዝኳቸው ነገሮች ጠፍተዋል» አለ። አልጠፉም። አንድ ኢሜይል ሁለት አካውንት ወልዶ ነው፤ አንዱ በትልቅ ፊደል የሚጀምር፣ አንዱ በትንሽ። ማይኤስኪውኤል እንደተለመደው ከተተወ ሁለቱን እንደ አንድ ያያል። ፖስትግሬስ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ ሰውዬው ስልኩ በራሱ ትልቅ ያደረጋትን ፊደል ይዞ ሲገባ «አካውንት የለህም» ተባለ፤ እሱም እንደ አዲስ ተመዘገበ። አንድ ኢሜይል ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክለው ዩኒክ ኢንዴክስ ተሻግሯል፤ ትርጉሙ ግን አልተሻገረም። ኢሜይሉን ወደ ትንሽ ፊደል መልሶ የሚያይ ኢንዴክስ ሠርቼ ዘጋሁት። መንታ አካውንቶቹን ማዋሃዱ ግን ሦስት ቀን ወሰደብኝ።

አሁን አሠራሬ ተለውጧል። ረድፍ ቆጥሬ አላቆምም። የማይኤስኪውኤል ፎሪን ዳታ ራፐር በሚባለው ኤክስቴንሽን አሮጌውን ዳታቤዝ አዲሱ ውስጥ ሆኜ እከፍታለሁ። አንድ ኩዌሪ (የዳታ ጥያቄ) ሁለቱንም ያያል። የቁጥር ኮለሞችን ድምር አወዳድራለሁ። ጥቂት ዓይነት ዋጋ ብቻ ያላቸውን ኮለሞች፣ እንደ ትእዛዙ ሁኔታ ያሉትን፣ በየዋጋቸው ከፋፍዬ እቆጥራለሁ። የትእዛዙን ጉድ ይሄ በአንድ ደቂቃ ያሳየኝ ነበር፤ በአንዱ በኩል አራት መስመር፣ በሌላው ሁለት።

ለማን ይሆናል? ለጥቂት ሰዓት መዝጋት ለሚችል ሥርዓት ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ፒጂሎደር አንድ ጊዜ ያሻግራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ አይከታተልም። ስለዚህ መጻፍ ታቆማላችሁ፣ ታሻግራላችሁ፣ ትፈትሻላችሁ፣ ትከፍታላችሁ። የእኔ ትልቁ ሌሊት አራት ሰዓት ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ዳታው የፈጀው ከአንድ ሰዓት በታች ነው። የቀረው ፍተሻ ነበር።

አምስተኛው ዳታቤዝ ከፊቴ ነው፤ ያኛው ደግሞ አይዘጋም። ለውጡን እየተከታተለ የሚያስተላልፈውን ደቤዚየምን እየሞከርኩለት ነው። ቴብሎቹን ግን አሁንም ፒጂሎደር ነው የሚሠራልኝ፤ ዳታውን ተውና ስኬማውን፣ የቴብሎቹን ቅርጽ፣ ብቻ አምጣ ብየዋለሁ። ከማዘዜ በፊት ቲኒኢንቶቹን ቆጠርኩ። 17 ናቸው። ሦስቱ ቡሊያን አይደሉም።