በላይተር የምትሠራ የጎማ መንፊያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ ወይም በቡራዩ በኩል ለሚኖር ባለመኪና በመኪናው ላይተር (የሲጋራ መለኮሻው ሶኬት) ላይ ተሰክታ የምትሠራው ይህች መንፊያ ዋጋዋን ትመልሳለች። አብዛኛው ሰው የሚገዛት “መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስብኝ” ብሎ ነው፤ ከወራት በኋላ ሲታይ ግን ትልቁ ጥቅሟ ጠዋት፣ መኪናው ከግቢ ሳይወጣ ነው። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው የነፋስ መጠን ለቀዘቀዘ ጎማ፣ ማለትም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ለቆመ መኪና የወጣ ነው። ከሰፈር በኮብልስቶኑ ወርዶ፣ አስፋልት ይዞ፣ ጎሚስታ ቤት እስኪደረስ ጎማው ይሞቃል። የሞቀ ጎማ ከ2 እስከ 4 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ) ጨምሮ ያሳያል። ጎሚስታው ለክቶ “ልክ ነው” ያለው ጎማ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያድራል።

በተቃራኒው ደግሞ “ለጉዞ ነው” ሲባል 40 እና 45 ሞልቶ የመስደድ ልማድ አለ። እንዲህ የተወጠረ ጎማ መሃሉ ብቻ ይበላል፣ ኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፣ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይጨብጥም። ሁለቱንም የሚያስቀረው በገዛ መለኪያ፣ በቀዝቃዛ ጎማ፣ በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር መሙላት ነው። ጽሑፉ በኪሎፓስካል ብቻ ከሆነ 100 ኪሎፓስካል 14.5 ፒኤስአይ ነው፤ 230 የሚል ከሆነ 33 ሙሉ። በባር ከሆነ 2.3 ማለት ያው 33 ነው።

የተገመገመችው አንድ ሲሊንደር ያላት፣ አካሏ ብረት የሆነ፣ በ12 ቮልት 120 ዋት የምትስብ የተለመደችው ዓይነት ናት። የኤሌክትሪክ ገመዷ 3 ሜትር፣ የነፋስ ቱቦዋ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያገለገለችው በሁለት መኪና ላይ ነው፤ አንዱ 175/65 አር 14 ጎማ ያለው ያሪስ፣ ሌላው 265/65 አር 17 የሚጫማ ሃይሉክስ። የያሪሱን አንድ ጎማ ከ25 ወደ 33 ለማድረስ ደቂቃ ተኩል ገደማ ይበቃታል። ለሃይሉክሱ ያንኑ ሥራ አራት ደቂቃ ትፈጃለች። ጭራሽ የተኛ የያሪስ ጎማ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል። የሃይሉክሱን ከዜሮ ለመሙላት ግን ከሩብ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ መሃል ላይ ካላሳረፏትም አትችለውም።

እነዚህ ደቂቃዎች ካርቶኗ ላይ ከተጻፈው ይረዝማሉ፤ ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። በባሕር ወለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒኤስአይ ነው፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች እዚህ ወደ 11 ይወርዳል። ፒስተኗ በእያንዳንዱ ምት የምትስበው አየር በሩብ ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ ያንኑ ጎማ ለመሙላት ጊዜው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። ስስ አየር ሞተሯንም በደንብ አያቀዘቅዛትም። መመሪያው “10 ደቂቃ ማሠራት ይቻላል” የሚል ከሆነ በሱሉልታና በእንጦጦ ከፍታ በ7 ደቂቃ አጥፍቶ አሥር ደቂቃ ማሳረፉ ዕድሜዋን ያረዝማል። ሻጮች የሚመኩበት 150 ፒኤስአይ የሚለው ቁጥር ስለ ፍጥነቷ ምንም አይናገርም። የጣሪያ ግፊቷን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ የቤት መኪና ደግሞ ከዚያ ሲሶውን እንኳ አይፈልግም። ሲገዙ መጠየቅ ያለበት በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ትሰጣለች የሚለው ነው።

አጠቃቀሟ ላይ ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ሞተር ሳይነሣ አራቱንም ጎማና ትርፉን ለብቻው በተገዛ መለኪያ ለኩና ጻፉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ፤ በጠፋ ሞተር ባትሪው 12 ቮልት ገደማ ሲሰጣት ሞተር ሲሠራ ግን ወደ 14 ይጠጋል፣ ልዩነቱም በፍጥነቷ ይታወቃል። በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተር አስነሥቶ መንፋት የለም፤ ጭሱ ይገድላል። መንፊያዋ በርታ እያለች ሞተር ማስነሣትም አይገባም፣ በማስነሻው ጊዜ የሚወርደውና የሚዘለው ቮልት ዲጂታል የሆኑትን ይጎዳል። የቱቦውን ጫፍ ቫልቩ ላይ እስከ መጨረሻው ግፉና መቆለፊያውን እጠፉ፤ ፉጨት ከተሰማ ጠምሞ ገብቷል ማለት ነው፣ ነቅሎ እንደገና ማስገባት እንጂ “ይሞላ ይሆናል” ብሎ መተው ሞተሯን በከንቱ ማቃጠል ነው። ከዚያ አብሯት የመጣውን መለኪያ እየሠራች አትመኑት። ነፋሱ በጠባቡ ቱቦ ሲገፋ መርፌው ከጎማው ግፊት ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ አስበልጦ ያሳያል። አጥፍታችሁ አንብቡ። በጥርስ የሚጠመዘዝ ጫፍ ያለው ዓይነት ከሆነ ሲፈታ አንድ ሁለት ፒኤስአይ ስለሚያመልጥ ለ33 ሲባል 35 ላይ ማቆም ያስኬዳል። ጫፉ ናስ ከሆነ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ጣት ያቃጥላል፤ ጨርቅ ይዛችሁ ንቀሉት።

3 ሜትሩ ገመድ ለያሪስ ይተርፋል። ለሃይሉክስ የኋላ ጎማ ግን በፊት በር ከወጣ አይደርስም፤ በኋላው በር መስኮት ማውጣት ግድ ይላል። ያም ሆኖ ይወጠራል።

አሁን ወደ ጉዞ ጨዋታው። ብዙ ክርክር የሚነሣበት ጥያቄ “ቆላ ስንወርድ ነፋስ እንቀንስ ወይ?” የሚለው ነው። መልሱ አትቀንሱ ነው፤ ሒሳቡም እንዲህ ይወጣል። ከሰንዳፋ ወይም ከለገጣፎ በ8 ዲግሪ ብርድ ጎማው 33 ተሞልቶ ተነሣ እንበል። መለኪያ የሚያሳየው ጎማው ከውጭው አየር የሚበልጥበትን ግፊት ብቻ ስለሆነ እውነተኛው የውስጥ ግፊት 33 ሲደመር 11፣ 44 ነው። አዋሽ ሰባት ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የውጭው አየር ግፊት እዚያ 13 ይደርሳል። አዳር አድርጎ ጠዋት በ22 ዲግሪ ሲለካ በሙቀቱ ምክንያት የውስጡ 44 ወደ 46 ከፍ ብሏል፤ 13 ሲቀነስለት መለኪያው 33 ይላል። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መለሰው፤ ማንም ምንም መንካት አላስፈለገውም።

ጥፋቱ የሚመጣው በጉዞ መሃል ነው። በአዳማው ፈጣን መንገድ ተነድቶ፣ መተሐራን አልፎ አዋሽ ሲደረስ ጎማው 55 ዲግሪ ገደማ ሞቆ ከሆነ መለኪያው 38 ያሳያል። “በዛ፣ ይፈነዳል” ተብሎ ወደ 33 ይቀነሳል። ያው መኪና ተመልሶ ሰንዳፋ በ8 ዲግሪ ሲያድር ጎማው 28 ላይ ይገኛል። በ28 ላይ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመርበት የጎማው ጎን አብዝቶ ይታጠፋል፣ ይግላል፣ የሚፈነዳውም ያኔ ነው። የጎማ ፋብሪካዎች ቀዝቃዛውን ቁጥር ሲያወጡ በጉዞ የሚጨምረውን አስበውበታል። የዓባይ በረሃም እንዲሁ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ተወርዶ ወደ ደጀን ያን ያህል ይወጣል፤ እዚያ መሃል ነፋስ መነካካት ትርፍ የለውም። በዚያ ቁልቁለት ጎማን የሚያግለው የፍሬኑ ሙቀት ነው፤ መድኃኒቱም ከባድ ማርሽ ይዞ በሞተር መውረድ ነው።

ነፋስ መቀነስ የሚጠቅመው ፒስታ ላይ ነው፤ ለምሳሌ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለመግባት አስፋልቱን ለቆ በኮረኮንች ሲኬድ። ለሃይሉክስ ከ33 ወደ 26 ማውረድ ድንጋዩን ያለሰልሰዋል፣ ጭቃ ላይም ይይዛል። ፍጥነት ከ50 መብለጥ የለበትም፣ ሙሉ ጭነት ካለ ደግሞ ባይሞከር ይሻላል። አስፋልቱ ጋ ሲደረስ አራቱን ጎማ መመለስ ማሳረፊያውን ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ያስቆማል። ፒስታ ለሚያዘወትር ሰው ይህች ትንሽ ናት፤ በቀጥታ ከባትሪው በመቆንጠጫ የምትሠራዋን ባለ ሁለት ሲሊንደር ይፈልግ።

በከተማው ዳርቻ ጎማን የሚያጠቃው ግንባታው ነው። አዳዲስ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ ምስማርና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ይረግፋል። ቲዩብለስ (ካላማዳሪ የሌለው) ጎማ ምስማር ሲውጥ ወዲያው አይተኛም፤ በሰዓታት ቀስ እያለ ይጎድላል። እንዲህ ሲሆን ምስማሩን አትንቀሉት፤ እሱ ራሱ ነው ቀዳዳውን የደፈነው። እስከ 35 ነፍታችሁ በዝግታ ወደ ጎሚስታ መንዳት ክሪክና ቁልፍ ከማውጣት ያድናል። ምስማር ካልታየ ቫልቩ ላይ የሳሙና ውሃ ጠብ ማድረግ ነው፤ አረፋ ካወጣ የውስጡን ቫልቭ ትንሽ ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል። ጎኑ የተቀደደ ጎማን ግን ማንም መንፊያ አያነሣውም። ከቸርኬው ጠርዝ የተላቀቀ ቲዩብለስንም አትመልሰውም፤ ለዚያ በአንድ ጊዜ የሚለቀቅ ብዙ ነፋስ ያስፈልጋል፣ ያም ያለው ጎሚስታ ጋ ነው።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በየሰፈሩ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ብዙዎቹ ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ መንፊያና ፈሳሽ መድፈኛ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ፈሳሹ የሚሠራው ለመርገጫው (መንገድ ለሚነካው ፊት) ቀዳዳ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የማብቂያ ቀን አለው፤ ከተጠቀማችሁበት ለጎሚስታው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ጎማውን ሲከፍት ልብሱ ላይ ይፈስሳልና። የእነዚህ መኪናዎች ክብደት ከፍ ያለ ስለሆነ በር ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከፍ ይላል። በያሪስ ልማድ 33 መሙላት ለእነሱ ማጉደል ነው።

ከወራት በኋላ ምን ተበላሸ? መጀመሪያ የሄደው ሶኬቱ ውስጥ ያለው የመስታወት ፊውዝ ነው። 120 ዋት በ12 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ አብሯት የመጣው ፊውዝ ደግሞ ልክ 10 ስለነበር ትርፍ አቅም የለውም፣ ጎማው ሲሞላና ሞተሯ ሲጨናነቅ ተቃጠለ። የሶኬቱን አፍንጫ በጣት ፈትቶ 15 አምፔር ማስገባት ይቻላል፤ የመኪናው የላይተር ፊውዝ 15 ከሆነና ገመዷም ወፍራም ከሆነ ብቻ። ሲፈታ ትንሿ ስፕሪንግ ትፈናጠራለች፣ ጨርቅ ዘርግታችሁ ሥሩ። ብዙ ሶኬት የሚያስገቡት ማባዣዎች ሽቦአቸው ቀጭን ስለሆነ ይቀልጣሉ፤ ቀጥታ ላይተሩ ላይ ብቻ ይሰካ። ላይተሩ የላላበት አሮጌ መኪና ላይም የሶኬቱ ጫፍ እየጋለ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል።

ሁለተኛው ኃይሏ መቀነሱ ነው። የአየር መሳቢያ ቀዳዳዋ ማጣሪያ የለውም፤ በጋ ላይ መሬት አስቀምጠው ሲያሠሯት አቧራውን ትውጣለች፣ የፒስተኗ ቀለበትም ይፋቃል። አራት ብሎን ፈትቶ ራሷን ከፍቶ መጥረግና የሲሊንደሩን ውስጥ በትንሽ ሲሊኮን ቅባት ማሸት አብዛኛውን ጉልበቷን መልሷል። የሞተር ዘይት አይደረግበትም፣ ላስቲኩን ያሳብጣል። ካርቶን ወይም የእግር ምንጣፍ ላይ ማስቀመጥ ነገሩን ከመነሻው ያስቀረዋል።

ሱቅ ስትገቡ ሰክተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የነፋሱን ጫፍ በአውራ ጣት ድፈኑና መርፌው ሳይዘገይ መነሣቱን እዩ፤ አጥፍታችሁ ጫፉን እንደደፈናችሁ ከቆያችሁ መርፌው ፈጥኖ መውረድ የለበትም፣ ከወረደ የውስጥ ቫልቭዋ ያፈስሳል። ቱቦው ከብረቱ የሚገናኝበትን አንገት ጠምዝዙት፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። መብራቷ፣ ቦርሳዋና አብረው የሚመጡት የኳስ መርፌዎች ዋጋ ሊያስጨምሩ አይገባም። የተረፈውን ብር ለብቻው የሚሸጥ ጥሩ መለኪያ ግዙበት።